ከቧንቧ እስከ ብልቃጥ፦ በክሎሪን በታከመ የመጠጥ ውኃ ውስጥ ላሉ ተናኝ ኦርጋኒክ ውሁዶች ትንተና የናሙና ዝግጅት

አጠቃሎ

ይህ ጽሑፍ በክሎሪን በታከመ የመጠጥ ውኃ ውስጥ የሚፈጠሩትን ትራይሃሎሜቴኖች በማሳያነት ወስዶ፣ ተናኝ ኦርጋኒክ ውሁዶችን ለመለካት የሚወሰድ ናሙና ከቧንቧው አፍ ተነሥቶ መሣሪያው ውስጥ እስኪገባ ድረስ የሚያጋጥመውን ለውጥ ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ በዝግጅት ወቅት የሚደርሰው ብክነት በድግግሞሽ ልኬት የማይጋለጥ፣ ከዚያም አልፎ የውሁዶቹን የእርስ በርስ ምጥጥን የሚያዛባ ስሕተት ነው የሚል ነው። ለማስረጃ የቀረቡት ስሌቶች ከታወቁ የአየርና የውኃ ክፍፍል ቁጥሮች የተሠሩ ናቸው። በከፍታ ላይ ለሚገኙ ቤተ ሙከራዎች የሚበጁ ነጥቦችም ተካትተዋል።

1. መግቢያ

ክሎሪን ለከተሞች የመጠጥ ውኃ በቋሚነት መጨመር የጀመረው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሲሆን፣ በአሜሪካ የጀርሲ ሲቲ ከተማ ውኃ ከእ.ኤ.አ. 1908 ጀምሮ በዚህ መንገድ ይታከም ነበር። ክሎሪኑ ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር ከሚመነጨው የተፈጥሮ ኦርጋኒክ ቁስ ጋር ሲገናኝ ክሎሮፎርምንና ዘመዶቹን እንደሚፈጥር ግን በጽሑፍ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በዚያ ዓመት በሮተርዳም ዮሃነስ ሮክ፣ በአሜሪካ ሲንሲናቲ ደግሞ ቤላር፣ ሊክተንበርግና ክሮነር በየፊናቸው ግኝታቸውን አሳተሙ።

ከስድሳ ዓመት በላይ በየቤቱ ሲጠጣ የኖረ ውሁድ ሳይታይ የቆየበት ምክንያት በከፊል ከናሙና ዝግጅት ጋር የተያያዘ ነው። ቀደም ሲል በአሜሪካ በውኃ ውስጥ ያለውን ኦርጋኒክ ቁስ ለመለካት በሰፊው የተለመደው ዘዴ ቁሱን በከሰል ላይ ማስቀረት፣ ከከሰሉ ላይ በክሎሮፎርም ማጠብ፣ ከዚያም ክሎሮፎርሙን አትንኖ የቀረውን መመዘን ነበር። ከናሙናው የመጣ ክሎሮፎርም ቢኖር እንኳ ከማጠቢያው ጋር አብሮ ተንኖ ይጠፋል። ዘዴው የሚሰጠው ቁጥር ግን በድግግሞሽ ሲታይ የተስተካከለ ነበርና ጥርጣሬ የሚያስነሣ አልነበረም። ሮክ ውኃውን ማትነን ትቶ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ከውኃው በላይ ያለውን አየር መተንተኑ፣ ቤላርና ሊክተንበርግ ደግሞ በውኃው ውስጥ ጋዝ አንፍሰው የወጣውን በማጥመጃ ላይ መሰብሰባቸው ነገሩን ቀየረው። የመሣሪያው ረቂቅነት የራሱ ድርሻ ቢኖረውም፣ ግኝቱን በዋናነት ያመጣው ናሙናው የተያዘበት መንገድ ነው ማለት ይቻላል።

ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የመመሪያ መጠን ለክሎሮፎርም 300፣ ለብሮሞፎርምና ለዳይብሮሞክሎሮሜቴን ለእያንዳንዳቸው 100፣ ለብሮሞዳይክሎሮሜቴን 60 ማይክሮግራም በሊትር ነው፤ የአራቱ መጠን እያንዳንዱ ለመመሪያው ተካፍሎ ሲደመር ከ1 እንዳይበልጥም ይጠይቃል። በአሜሪካ የአራቱ ድምር በዓመታዊ አማካይ ከ80 ማይክሮግራም በሊትር ማለፍ የለበትም። ይኸው ድርጅት እነዚህን መጠኖች ለማሳካት ሲባል ውኃን የማከሙ ሥራ ፈጽሞ መጓደል እንደሌለበት አበክሮ ያሳስባል። ስለዚህ ስሕተቱ በሁለቱም ወገን ዋጋ ያስከፍላል። ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ነዋሪው ለዓመታት የሚጠጣውን ይደብቃል፤ ከእውነቱ የበለጠ ቁጥር ደግሞ ክሎሪን እንዲቀነስ ግፊት ሊፈጥርና ከክሎሮፎርም እጅግ ለሚብሰው ለተላላፊ ተቅማጥ በር ሊከፍት ይችላል።

2. ብልቃጡ ከመሞላቱ በፊት

ናሙና ከመወሰዱ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ የማን ውኃ እየተለካ ነው የሚለው ነው። አዲስ አበባ የገጸ ምድር ውኃዋን ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፣ የከርሰ ምድር ውኃዋን ደግሞ በዋናነት ከአቃቂ ጉድጓዶች ታገኛለች። የግድብ ውኃ በአብዛኛው ከጉድጓድ ውኃ የበለጠ ኦርጋኒክ ቁስ ስለሚይዝ፣ የአንዱ ሰፈር ቁጥር ለሌላው ሊያገለግል አይችልም። በዚህ ላይ በብዙ ቤቶች ውኃው በተራ የሚመጣ በመሆኑ፣ ሰው የሚጠጣው ከመስመሩ በቀጥታ የወረደውን ሳይሆን በሮቶ ወይም በጀሪካን ለቀናት የተቀመጠውን ነው። በሮቶ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ሂደቶች ጎን ለጎን ይካሄዳሉ፦ ቀሪው ክሎሪን አዲስ ትራይሃሎሜቴን ይፈጥራል፤ የተፈጠረው ደግሞ ከውኃው በላይ ወዳለው አየር ይተናል። ውጤቱ በፀሐዩ ሙቀት፣ በውኃው ቆይታና በክዳኑ አዘጋግ ላይ ይመሠረታል።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዘዴ 524.2 ቧንቧው ተከፍቶ የውኃው ሙቀት እስኪረጋ፣ አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ ያህል፣ እንዲፈስ ከዚያም ፍሰቱ ወደ 500 ሚሊሊትር በደቂቃ ዝቅ ተደርጎ ናሙናው እንዲወሰድ ያዛል። ይህ የመስመሩን ውኃ ለሚያጠና ሰው ትክክል ነው። ነዋሪው የሚጠጣውን ለሚያጠና ግን ቧንቧውን አሥር ደቂቃ ማፍሰስ የሚፈለገውን ውኃ ደፍቶ ሌላ ውኃ መለካት ይሆናል። ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ሰንጠረዥ ሲደባለቁ የሚገኘው አማካይ ለማንኛቸውም መልስ አይሰጥም። (ውኃ በሳምንት ጥቂት ቀን በሚመጣበት ቤት ውኃ አሥር ደቂቃ ሲፈስ ዝም ብሎ የሚያይ ባለቤት እንደማይኖር ግልጽ ነው፤ ጀሪካን ከሥር ማስቀመጥ የጨዋነትም የሥራም ግዴታ ነው።)

ወንፊት ያለው የቧንቧ አፍ አየርን ከውኃው ጋር ስለሚቀላቅል መነቀል አለበት። የቧንቧ ውኃ አንዳንዴ ወተት መስሎ የሚወርደው በመስመሩ ግፊት የተሟሟ አየር ግፊቱ ሲለቀው በጥቃቅን አረፋ መልክ ስለሚወጣ ነው። እያንዳንዱ አረፋ ክሎሮፎርም ይዞ ይወጣል፤ በቤተ ሙከራ ጋዝ ሲነፍስ ሆን ተብሎ የሚደረገው ነገር እዚህ ያለ ፈቃድ ይፈጸማል። ውኃው በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተንሸራቶ በዝግታ እንዲሞላ የሚደረገውም ለዚሁ ነው።

3. የአረፋው ጉዳይና የክፍፍሉ ስሌት

የተለመደው 40 ሚሊሊትር ብልቃጥ እስከ አፉ ይሞላል፤ ውኃው በአፉ ላይ ጎብጦ ሲታይ ሴፕተሙ በቴፍሎን ገጹ ወደ ውኃው ዞሮ ይደረግና ክዳኑ ይጠብቃል፤ ከዚያም ብልቃጡ ተገልብጦ አረፋ መኖር አለመኖሩ ይታያል። ተማሪዎች በዚህ እርምጃ ላይ ብዙ ይጨነቃሉ። ጭንቀቱ ተገቢ ቢሆንም መጠኑን በስሌት ማየት ይጠቅማል።

በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የክሎሮፎርም የአየርና የውኃ ክፍፍል ቁጥር 0.15 ገደማ ነው፤ ይህም ሚዛን ላይ ሲደርስ በአንድ ሚሊሊትር አየር ውስጥ የሚገኘው ክሎሮፎርም በአንድ ሚሊሊትር ውኃ ውስጥ ካለው 15 በመቶ ያህል ነው ማለት ነው። የብሮሞፎርም ቁጥር 0.02 አካባቢ ነው። ወደ አየር ያለፈው ድርሻ የሚሰላው የክፍፍል ቁጥሩን በአየሩ መጠን አባዝቶ፣ የተገኘውን ለራሱና ለውኃው መጠን ድምር በማካፈል ነው። ዲያሜትሩ 6 ሚሊሜትር የሆነ አረፋ 0.11 ሚሊሊትር ያህል አየር ስለሚይዝ ከ40 ሚሊሊትሩ ናሙና የሚወስደው ክሎሮፎርም 0.04 በመቶ ብቻ ነው። ሙሉ አንድ ሚሊሊትር አየር እንኳ የሚወስደው 0.4 በመቶ ገደማ ነው። እንግዲህ ከቀዝቃዛ ሳጥን ወጥቶ ሲሞቅ የአተር ፍሬ የምታህል አረፋ የታየበት ናሙና የግድ አይጣልም። አረፋው ሲያድግ ከታየ ግን ክዳኑ እንደሚያሾልክ ይመሰክራልና የሚያሳስበው ያ ነው።

ሥዕሉ የሚቀየረው ናሙናው በግማሽ ሲሞላና በተደጋጋሚ ሲከፈት ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ተሞልቶ ሚዛን ላይ ቢደርስ ከክሎሮፎርሙ 13 በመቶ ያህሉ ከውኃው በላይ ባለው አየር ውስጥ ይገኛል። ክዳኑ ተከፍቶ አየሩ ሲቀየር ይህ ድርሻ ይጠፋል፤ ጠርሙሱ ተዘግቶ ሲንቀሳቀስ አዲስ ሚዛን ይፈጠራል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ በውኃው ውስጥ የሚቀረው ከመነሻው 66 በመቶ ገደማ ነው። በመስመሩ ውስጥ 85 ማይክሮግራም በሊትር ክሎሮፎርም ነበር ብንል፣ ተንታኙ የሚያገኘው 56 ይሆናል። ከአሜሪካው የ80 ገደብ በላይ የነበረው ውኃ፣ ምንም ዓይነት የመሣሪያ ስሕተት ሳይፈጸም፣ ከገደቡ በታች ተመዘገበ።

ብሮሞፎርም በዚያው ጠርሙስ ውስጥ በዚያው አያያዝ ከመነሻው 94 በመቶ ያህሉን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ የክሎሮፎርም ለብሮሞፎርም ምጥጥን ከእውነተኛው ወደ 70 በመቶ ይወርዳል። ይህ ነጥብ በተማሪዎች ሥራ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። የብሮሚን ትራይሃሎሜቴኖች ድርሻ ማደግ ዘወትር የሚተረጎመው በምንጩ ውኃ ውስጥ የብሮማይድ መኖር ምልክት ተደርጎ ነው። በአያያዝ የተፈጠረን መዛባት ይዞ ስለ ምንጩ ኬሚስትሪ ምዕራፍ የሚጽፍ ተመራማሪ ሊኖር እንደሚችል ማሰብ አይከብድም፤ መረጃውም አይቃወመውም፤ ምክንያቱም ሦስቱ ድግግሞሾች ከአንድ ጠርሙስ፣ በአንድ አያያዝ ተወስደዋልና እርስ በርስ ይስማማሉ። የድግግሞሽ መቀራረብ እጅ አለመንቀጥቀጡን ይመሰክር እንደሆነ እንጂ በጠርሙሱ ውስጥ ስለሌለው ነገር የሚለው የለም።

4. ክሎሪኑን ማርከስ

ብክነት ቁጥሩን ዝቅ ሲያደርግ፣ ያልረከሰ ክሎሪን ከፍ ያደርገዋል። ናሙናው በብልቃጥ ታሽጎ ሳለ ቀሪው ክሎሪን ሥራውን ይቀጥላል፤ ሙቀትና ከፍ ያለ ፒኤች ደግሞ ያፋጥኑታል። ከሰዓት በኋላ በመኪና ውስጥ የቆየ ማርከሻ ያልተጨመረበት ናሙና የሚሰጠው ቁጥር ውኃው በቧንቧው ላይ የነበረውን ሳይሆን ሊደርስበት ይችል የነበረውን የሚያመለክት ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሁለቱ ስሕተቶች በአንድ ናሙና ላይ ሲገጣጠሙ ነው፤ አንዱ ያጎደለውን ሌላው ይሞላና ቁጥሩ ተገቢ መስሎ ይወጣል።

ዘዴ 524.2 በ40 ሚሊሊትር ብልቃጥ 25 ሚሊግራም አስኮርቢክ አሲድ አስቀድሞ እንዲጨመር፣ ክሎሪኑ ከረከሰ በኋላ ፒኤቹን ከ2 በታች የሚያደርስ ሁለት ጠብታ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንዲከተል፣ ናሙናውም በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ተይዞ በ14 ቀን ውስጥ እንዲተነተን ይጠይቃል። ትራይሃሎሜቴኖች ብቻ የሚለኩ ከሆነ 3 ሚሊግራም ሶዲየም ታዮሰልፌት መጠቀምና አሲዱን መተው ይፈቀዳል። ታዮሰልፌትንና አሲድን በአንድ ብልቃጥ ማዋል ግን አይገባም፤ ታዮሰልፌት በአሲድ ውስጥ ተበታትኖ ሰልፈርና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ ጋዙም በትንተናው ውስጥ ጣልቃ ይገባል።

መጠኖቹ በጥብቅ መመዘን ያስፈልጋቸው እንደሆነ ይጠየቃል። አንድ ሚሊግራም በሊትር ቀሪ ክሎሪን ያለበት 40 ሚሊሊትር ውኃ 0.04 ሚሊግራም ክሎሪን ይይዛል፤ ይህን ለማርከስ በቀመሩ መሠረት የሚያስፈልገው አስኮርቢክ አሲድ 0.1 ሚሊግራም ያህል ነው። 25 ሚሊግራም ከዚህ 250 እጥፍ ነውና በማንኪያ ጫፍ ለክቶ መጨመር ችግር የለውም። ችግር የሚያመጣው ብልቃጡን ሲሞሉ ውኃውን አትረፍርፎ ማርከሻውን አጥቦ ማስወጣት ነው። ብልቃጡ ልክ አፉ ላይ ሲደርስ መቆም ያለበት ስለዚህ ነው። አሲዱ ማርከሻውን የሚከተልበት ቅደም ተከተልም ሊጠበቅ ይገባል።

5. «ንጹሕ» ውኃና ባዶ ናሙና

በዚህ ትንተና እጅግ አታላይ የሆነው ነገር የተጣራ ውኃ ነው። ክሎሮፎርም የሚፈላው በ61 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከቧንቧ ውኃ የሚሠራ ተራ የማጣሪያ መሣሪያ ውኃውን አትንኖ ሲያቀዘቅዝ ክሎሮፎርሙ ከውኃው ቀድሞ ተንኖ ከእንፋሎቱ ጋር አብሮ ሊወርድ ይችላል። ማዕድናቱ ቀርተዋል፤ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያውም ውኃው ንጹሕ መሆኑን ያሳያል፤ ክሎሮፎርሙ ግን አለ። ስታንዳርዶቹ በዚህ ውኃ ከተሠሩ የካሊብሬሽን መስመሩ ከዜሮ በላይ ይነሣል፤ ባዶ ናሙናው የሚያሳየው መጠን ከእያንዳንዱ ናሙና ላይ ከተቀነሰ ደግሞ ውጤቱ ያለ አግባብ ዝቅ ይላል።

መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው። ውኃው 15 ደቂቃ ይፈላል፤ ከዚያ በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ እየተያዘ ለአንድ ሰዓት ንጹሕ ናይትሮጅን ይነፍስበታል። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ 90 ዲግሪ ማለት ከመፍላት አፋፍ ላይ መቆም ነው፤ የምድጃው መቆጣጠሪያ ትንሽ ካለፈ ውኃው እየተንተከተከ ያልቃል። ቴርሞሜትሩን ውኃው ውስጥ አድርጎ ወደ 85 ዝቅ ማለት ይቻላል፤ ለዚህ ማካካሻ ጋዙ ረዘም ላለ ጊዜ ይነፍሳል።

ሁለተኛው የብክለት ምንጭ ጎረቤት ነው። ክሎሮፎርም በባዮሎጂና በምግብ ሳይንስ ቤተ ሙከራዎች ዲኤንኤና ቅባት ለማውጣት የዕለት ተዕለት ዕቃ ነው። የውኃ ናሙናዎች ከእንዲህ ዓይነት ጠርሙስ ጋር በአንድ ማቀዝቀዣ ካደሩ ትነቱ በሴፕተሙ በኩል ቀስ ብሎ ሊገባ ይችላል። ይህን የሚያጋልጠው የጉዞ ባዶ ናሙና ነው፦ በቤተ ሙከራ በንጹሕ ውኃ ተሞልቶ፣ ሳይከፈት ወደ መስክ ሄዶ፣ ከናሙናዎቹ ጋር ተመልሶ፣ ከእነርሱ ጋር በአንድ መደርደሪያ የሚያድር ብልቃጥ። ብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የሚያቀርቡት የዕለቱን የቤተ ሙከራ ባዶ ናሙና ብቻ ነው፤ እርሱ ግን ማቀዝቀዣው ውስጥ አላደረም።

6. ከብልቃጥ ወደ መሣሪያ

በሲሪንጅ ናሙና መሳብ ልማድ ነው፤ ለተናኝ ውሁድ ግን አይሆንም። ፒስተኑ ሲጎተት በውስጡ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ የተሟሟው አየር አረፋ ሆኖ ይወጣል፤ ክሎሮፎርሙም ወደ አረፋው ያልፋል። ጋዝ በማንፈስ ለሚሠራው ዘዴ የታዘዘው አሠራር የ5 ሚሊሊትር ሲሪንጁን ፒስተን አውጥቶ ውኃውን ከብልቃጡ በዝግታ ወደ በርሜሉ ማፍሰስ፣ ሊተርፍ ሲል ፒስተኑን መመለስ፣ ሲሪንጁን ዘቅዝቆ አየሩን ማስወጣትና መጠኑን ማስተካከል ነው። አንዴ የተከፈተ ብልቃጥ ለሌላ ቀን አይቀመጥም፤ ከእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ብልቃጥ የሚወሰደውም ለዚህ ነው።

ስታንዳርዶችም እንደ ናሙናው ሊያዙ ይገባል። በሜታኖል የተዘጋጀው ስታንዳርድ የመርፌው ጫፍ ከውኃው ገጽ በታች ሆኖ በፍጥነት ይጨመራል፤ የመለኪያ ጠርሙሱ ሦስት ጊዜ ብቻ ይገለበጣል፤ በአንገቱ ያለው ውኃ ይደፋል። አጥብቆ ማናወጥ ስታንዳርዱን ያጎድላል። የጎደለ ስታንዳርድ ደግሞ ናሙናዎችን ከእውነቱ በላይ አድርጎ ያሳያል።

ሄድስፔስ የሚባለው ዘዴ፣ ማለትም በታሸገ ብልቃጥ ከውኃው በላይ ያለውን አየር ቀድቶ ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ማስገባት፣ አቅማቸው ውስን ለሆነ ቤተ ሙከራዎች ከሁሉ የሚስማማ ይመስላል። ሂሊየም አይጠይቅም፤ በናይትሮጅንና ኤሌክትሮን በሚይዝ ዲቴክተር ይሠራል፤ ዲቴክተሩም ለእነዚህ ሃሎጅን ተሸካሚ ውሁዶች እጅግ ንቁ ነው። በ20 ሚሊሊትር ብልቃጥ 10 ሚሊሊትር ውኃ ሲሞላ በ25 ዲግሪ ከክሎሮፎርሙ 13 በመቶ ወደ አየሩ ያልፋል፤ በ60 ዲግሪ የክፍፍል ቁጥሩ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚያድግ ድርሻው ከሲሶ ይበልጣል። በዚህም ምክንያት የማሞቂያው ሙቀት ከናሙና ወደ ናሙና መለዋወጥ የለበትም።

ሶዲየም ክሎራይድ መጨመር ውሁዶቹን ከውኃው ወደ አየር ይገፋል። ጨው ግን የወጥ ቤት ጨው መሆን የለበትም። አዮዲን የተጨመረበት ጨው አዮዳይድ ወይም አዮዴት፣ ከባሕርና ከጨው ሐይቅ የወጣ ጨው ደግሞ የብሮማይድ ቅሪት ይዞ ይመጣል፤ ክሎሪኑ ያልረከሰ ከሆነ ብሮማይዱ ወደ ንቁ ብሮሚን ተለውጦ በቧንቧው ያልነበረ ብሮሞፎርም በብልቃጡ ውስጥ ሊፈጠር ይችላል። የቤተ ሙከራ ደረጃ ጨው በምድጃ በከፍተኛ ሙቀት ተቃጥሎ፣ በታሸገ ዕቃ መቀመጥ ይኖርበታል።

የማቅለጫ ማውጣት ዘዴ 551.1፣ 50 ሚሊሊትር ውኃን በ3 ሚሊሊትር ሜቲል ተርሸሪ ቡቲል ኤተር የሚያጥብ፣ ሌላው አማራጭ ነው። ልዩ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ ይመረጣል፤ ቢሆንም እጅ በእጅ ስለሚሠራ በሠራተኛው ልምድ ላይ ብዙ ይደገፋል።

7. ከፍታ

የተለመዱት ዘዴዎች የተጻፉት በባሕር ጠለል አቅራቢያ ለሚሠሩ ቤተ ሙከራዎች ነው። በአዲስ አበባ የአየር ግፊት 77 ኪሎፓስካል አካባቢ፣ ማለትም የባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የክፍፍል ቁጥሩ በራሱ በዚህ አይለወጥም። የሚለወጠው የጋዙ ፍሰት ትርጉም ነው። ዘዴው ሂሊየም በ40 ሚሊሊትር በደቂቃ ለ11 ደቂቃ፣ በድምሩ 440 ሚሊሊትር እንዲነፍስ ያዛል። ብዙ ዘመናዊ መቆጣጠሪያዎች ፍሰትን የሚቆጥሩት በመደበኛ ግፊት አስልተው ስለሆነ፣ ሰሌዳው 40 ሲያሳይ በውኃው ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ በአካባቢው ግፊት ወደ 53 ሚሊሊትር ይጠጋል፤ ድምሩም ከ570 ይበልጣል። ውሁዶችን ከውኃው የሚያወጣው በትክክል የሚያልፈው የጋዝ መጠን በመሆኑ፣ ከባድ ውሁዶች በተሻለ ይወጣሉ፤ እጅግ ቀላል የሆኑት ግን ማጥመጃውን አልፈው ሊያመልጡ ይችላሉ። ስታንዳርድና ናሙና በአንድ ላይ ከተሠሩ ልዩነቱ በአብዛኛው ይጣጣል። ከሌላ አገር የተቀዳ የማገገሚያ መቶኛ ግን እንዳለ ሊወሰድ አይገባውም፤ ፍሰቱም በሳሙና አረፋ መለኪያ መረጋገጥ አለበት።

8. ብክነትን መለካት

በቤተ ሙከራ የሚጨመር ምትክ ውሁድ የሚመሰክረው ከተጨመረበት ቅጽበት በኋላ ስላለው ብቻ ነው። ማገገሙ 98 በመቶ ቢሆን እንኳ ናሙናው መስክ ላይ ምን እንዳጣ አይናገርም። ስለዚህ ምስክሩ ወደ መስክ መሄድ አለበት። ማስ ስፔክትሮሜትር ላለው ቤተ ሙከራ የተመቸው ዲዩተሬትድ ክሎሮፎርም ነው፤ የኤንኤምአር መሣሪያ ባለበት የኬሚስትሪ ክፍል ስለሚገኝ ለመግዛት አያስቸግርም። ባሕርዩ ከተራው ክሎሮፎርም ጋር እጅግ የተቀራረበ ነው፤ ዋናዎቹ አዮኖቹ 84 እና 86 ላይ ሲወጡ የተራው 83 እና 85 ላይ ይወጣሉ። ናሙናው አሲዳማ መሆኑ ዲዩተሪየሙ በሃይድሮጅን እንዳይተካ ይጠብቃል።

አሠራሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ቧንቧ ስድስት ብልቃጦች ይሞላሉ። ለሦስቱ እዚያው በመስክ፣ ክዳናቸው ከመጥበቁ በፊት፣ በሜታኖል የተበረዘ ዲዩተሬትድ ክሎሮፎርም 10 ማይክሮሊትር ከውኃው ገጽ በታች ይጨመርላቸዋል፤ ለሌሎቹ ሦስቱ ግን በሚተነተኑበት ቀን ወንበር ላይ ይጨመርላቸዋል። የሁለቱ ስብስቦች ልዩነት በጉዞና በማቀዝቀዣ የጠፋውን ይሰጣል። ይህ ግን በአሞላል ጊዜ የጠፋውን አይነካም፤ ለዚያ በዚያው ቧንቧ ላይ ተራ በተራ በዝግታና በፍጥነት የተሞሉ ብልቃጦችን ማነጻጸር ያስፈልጋል። በፍጥነት በተሞሉት ክሎሮፎርሙ ጎድሎ ብሮሞፎርሙ እንዳለ ከተገኘ፣ የጎደለው ወደ አየር የተነነው ነው። ሁለቱም በእኩል መቶኛ ካነሱ ትነት አይደለምና፣ መርማሪው ወደ ሲሪንጁ መጠን፣ ወደ መርፌው ወይም ወደ ውስጣዊ ስታንዳርዱ ፊቱን ማዞር ይኖርበታል።